ጆንያው ሳይሰፋ

በሰቆጣ አብረን ያረጀን እኩዮቼ ሆይ፣ ባለፈው የገበያ ቀን ከአንዲት በርበሬ ሻጭ ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ የገዛኋትን በርበሬ ልትጠቀልልልኝ ከጉልበቷ ሥር ካለው ክምር አንድ ወረቀት ገነጠለች። ወረቀቱ የመጽሐፍ ገጽ ነበር። አንዱ መሥመር በቀይ እርሳስ ተሠምሮበታል፤ በኅዳጉም ላይ በጥንቃቄ የተጻፈ ቀን አለ። ማን እንዳሠመረው አላወቅሁም፤ ያ ሰው ግን እርሳሱን ሲያነሣ ከእርሱ በኋላ የሚያነብ እንዳለ አምኖ ነበር። ሴትዮዋን ምንም አላልኳትም፤ ወረቀቱን በኪሎ ገዝታዋለች፤ የሸጠላት ደግሞ ከእኛው አንዱ ነው።

መጽሐፍ ሲጠፋ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሰው በቤቱ የሚገኝ ወረቀት ሕይወቱን እንዳያስከፍለው ፈርቶ፣ ያጠራቀመውን ሁሉ ሌሊት ምድጃ ውስጥ ሲማግድና በጓሮው ሲቀብር አይቻለሁ። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” በኩራዝ አሳታሚ ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከመደብሮች ሲሰበሰብ፣ በዓመቱም በየካቲት ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ሲቀር፣ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም። ያን ጊዜ ግን አንባቢ ነበር። ከአዲስ አበባ የተመለሰ መምህር ከልብሱ መካከል ሸጉጦ ያመጣው አንድ ቅጂ በጋዜጣ ተሸፍኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ ተራው የደረሰውም ሁለት ሌሊት በላምባ ብርሃን አንብቦ፣ ገጹን ሳያጥፍ፣ በሦስተኛው ቀን ለባለተራው ያስረክብ ነበር። ደርግ ሲወድቅ መጽሐፉ እንደገና ታተመ። በጉልበት የተወሰደብን ተመለሰ፤ ፈላጊ ነበረውና።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ አገራችንን ዋግን ሲያራቁት፣ ሕዝቡ በሬውን፣ ቀጥሎ ማረሻውን፣ ቀጥሎም የቤቱን በርና ማገር ሸጦ ወደ ቆረም ሲሰደድ፣ ከጉዞው መካከል አንድ ሽማግሌ አስታውሳለሁ። በትከሻቸው ላይ እህል አልነበረም፤ ማኅደሩ ተበጣጥሶ በገመድ የታሰረ የብራና ዳዊት አንግተው ነበር። ውሃ ስንሰጣቸው መጀመሪያ ዳዊቱን ከአንገታቸው አውርደው በንጹሕ ድንጋይ ላይ አኖሩት፤ ከዚያ በኋላ ጠጡ። ከእነዚያ ሰዎች የተወለድን ነን። ያን የተራበ ትውልድ ያላሸነፈው ነገር እኛን በጥጋብ እንኳ ሳይሆን በስንፍና ብቻ ሲያሸንፈን ማየት ልቤን ያቆስለዋል።

ታስታውሳላችሁ፤ ለክረምት ሥልጠና አዲስ አበባ ስንወርድ የመጀመሪያ መንገዳችን ወደ ፒያሳ ነበር። ጃኖፖሎስ መጻሕፍት መደብር መስኮት ፊት ቆመን የማንገዛቸውን እናያለን፤ ከዚያም በየጥጉ መጽሐፍ ከሚያከራዩት ዘንድ መያዣ አስይዘን የአንድ ሌሊት ንባብ እንወስዳለን። እዚህ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በሬዲዮ ሲተርክ፣ ፊደል ያልቆጠረችው ጎረቤት ሳትቀር ሥራዋን አቁማ ትሰማ ነበር፤ ያመለጠውም ሰው በማግስቱ እኛን መጥቶ ይጠይቃል። መጽሐፍ መደብር ያልነበራት ከተማችን የአንባቢ ችግር አልነበረባትም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙዎቻችን በስልክ ተደዋውለን አዝነናል፤ ኀዘናችን እውነተኛ ነው። ሆኖም ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት ከመካከላችን ስንቱ አንድ መጽሐፍ ገዝቶ ነበር? መደብር ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት የሚፈርስበት ሌላ ቀን አለው፤ ያን ቀን ማንም አፍራሽ አይመጣም፤ ገዢው ብቻ መምጣቱን ያቆማል።

ይህ ያለማንበብ ቸልታችን የሚያደርሰውን በጥቂቱ አይተነዋል። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ ሲመጣ ወሬው ቀድሞት ገብቶ ነበር፤ ልጆቻችንም ከስልክ የሰሙትን ይዘው፣ ግማሹ ሲሸሽ ግማሹ ሲቆጣ፣ ቆም ብሎ ይህ ነገር ከዚህ በፊት እንዴት ነበር ብሎ የሚጠይቅ አጣን። የተማሪው መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ተበትኖ ከረመ። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ጣሊያንን ሲዋጉ ተይዘው አንገታቸው መቆረጡን የዋግ ልጅ ሁሉ ይሰማል፤ ለምን እንደ ተዋጉ፣ ከማን ጋር እንደ ቆሙ የሚያነብ ግን እያነሰ ነው። ያላነበበ ልጅ የአያቱን ታሪክ ቁጣ ከሚሸጥለት ሰው ይገዛዋል፤ ዋጋውንም በኋላ በደሙ ይከፍላል። ቋንቋችን ኽምጣናም በፊደል ከሰፈረ ገና ብዙ ዘመን አልሆነውም፤ በጥቂት የመማሪያ መጻሕፍት ላይ የቆመ ቋንቋ፣ አንባቢ ከሌለው፣ ከእኛ ጋር ወደ መቃብር እንዳይወርድ እፈራለሁ። ወላጆቼ የተጣሉበትም የታረቁበትም ቋንቋ ነው፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ ገና አልመሸም። በየቤታችን አልጋ ሥር የመጻሕፍት ሣጥን አለ፤ ጆንያ ውስጥ ጨምረን በኪሎ ልንሸጠው ያሰብነውም ቢሆን ጆንያው ገና አልተሰፋም። አውጡትና ትቢያውን አራግፉት፤ የልጅ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ በየማታው አንድ ገጽ አስነብቡት፤ ዐይናችሁ ከደከመ እርሱ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ያሠመራችሁበት ቦታ ሲደርስ ለምን እንዳሠመራችሁ ንገሩት። ከመናኸሪያው አጠገብ ላስቲክ አንጥፎ መጻሕፍት የሚደረድር አንድ ወጣት አለ። ትናንት ጠየቅሁት፤ በሳምንቱ ሁለት መጽሐፍ ብቻ እንደ ሸጠ፣ ገበያው እንዲህ ከቀጠለ ከፋሲካ በኋላ ጫማ ሊሸጥ እንዳሰበ ነገረኝ። እስከዚያ በየቀኑ እዚያው ነው፤ ሂዱና አንድ ግዙት።