የአራስ ቤት ዝርዝር ከማን ይጀምራል?



ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወጣት ወንድማችን ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ጠብቆ አንድ ወረቀት አሳየኝ። ባለቤቱ ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። በወረቀቱ ላይ 19 ዕቃዎች ተዘርዝረዋል፦ ባለ መጋረጃ አልጋ፣ የሚታጠፍ ጋሪ፣ ስድስት ጡጦ፣ የጡጦ ማሞቂያ፣ ጫማ፣ ሽታ ያለው ፓውደር፣ ሌላም ሌላም። «መርካቶ ዞሬ ዋጋውን ስደምረው ከሁለት ወር ደመወዜ በለጠ። ከዘመድ ልበደር አስቤያለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» አለኝ።

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ከ19ኙ ዕቃ አንዱም ለእናትየው አልነበረም።

ይህ የእርሱ ብቻ ችግር አይደለም። «ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ፍርሃት ብዙ ወጣት ባለትዳሮችን ገና ልጁ ሳይወለድ ዕዳ ውስጥ ይከታል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ለአራስ ልጅ የግድ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነና ምን ቢቀር እንደማይጎዳ እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

ዝርዝሩ ከእናት ይጀምራል

የሱረቱል በቀራህ 233ኛ አንቀጽ ስለ ማጥባት ይናገራል። ጥቢን ማሟላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑን ከገለጸ በኋላ ወዲያው ወደ አባት ይዞራል። የእናትየው ምግብና ልብስ በአባት ላይ መሆኑን፣ ማንም ከችሎታው በላይ እንደማይገደድ፣ እናትም ሆነች አባት በልጃቸው ሰበብ ሊጎዱ እንደማይገባ ያስተምራል። ብዙ ሙፈሲሮች አንቀጹ በተለይ የተፋቱ ወላጆችን እንደሚመለከት ይገልጻሉ። ለተፋታች እናት ይህን ያህል ከታዘዘ፣ በቤቱ ላለችው ባለቤቱማ ምን ያህል ይገባት ይሆን?

ልብ እንበል! ጉዳዩ የሕፃኑ ሆኖ ሳለ ወጪው የታዘዘው ለእናትየው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ምግቡም መጠጡም የእርሷ ጡት ነው።

ስለዚህ በወረቀቱ አናት ላይ የሚከተሉት ይጻፉ፦ ለአጥሚትና ለገንፎ የሚሆን እህል፤ በእርሱም ላይ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመንና እንደ አቅም ሥጋ፤ ከፊት የሚከፈቱ ሁለት ቀሚሶች፤ ለኒፋስ ደም የሚሆን ንጹሕ መጠበቂያ፤ ወደ ጤና ተቋም ለመሄጃና ለድንገተኛ ሕክምና የሚቀመጥ ገንዘብ። እናትና እህት በቅርብ ከሌሉ ደግሞ ልብስ የሚያጥብና ምግብ የሚያበስል ሰው ከወዲሁ ይፈለግ።

ስድስቱን ጡጦና ማሞቂያውን ሰረዝናቸው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ ሐኪም ካላዘዘ በቀር እስከ ስድስት ወር ውኃም፣ ቅቤም፣ የስኳር ውኃም አያስፈልገውም። ጡጦ ስንጥቁና ጫፉ በደንብ ካልጸዳ ተቅማጥ ያመጣል። ሕፃኑ በጡጦ ሲጠግብ ጡቱን መጥባት ይቀንሳል፤ በዚህም ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 (እ.ኤ.አ.) የጡት ወተት ተተኪዎችንና የጡጦን ማስታወቂያ የሚገድብ ሕግጋት ያጸደቀው እንዲህ ያለውን ጉዳት አይቶ ነው። እናት ብትታመም ወይም ወተት ቢያንሳት ራሳችሁ ወደ ሱቅ ከመሮጥ በፊት የጤና ባለሙያ አማክሩ። የታለበ የእናት ወተት በንጹሕ ትንሽ ኩባያ ማጠጣት ይቻላል፤ ኩባያም ከጡጦ ይልቅ ለማጠብ ይቀላል።

ተሕኒክ የሚያደርጉ ወላጆችም ሽታው ብቻ እስኪቀር የለሰለሰ ቴምር በታጠበ ጣት ላንቃውን ዳሰስ ማድረግ ይበቃቸዋል። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥ።

ልብስና የሽንት ጨርቅ

ከጥጥ የተሠሩ ስድስት የውስጥ ልብሶች፣ አራት ሙሉ ልብስ ወይም ሱሪ፣ ሁለት ሹራብ፣ ሦስት ኮፍያ፣ አራት ጥንድ ካልሲና ሁለት ቀላል ብርድ ልብስ ለመጀመሪያው ጊዜ ይበቃሉ። ጤነኛ ሕፃን በአምስት ወር ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል። ስለዚህ ትንንሹን ልብስ አታብዙ፤ ሰፋ ያለውን ግዙ። የእህት ወይም የጎረቤት ልጅ ለብሶት የጠበበው ልብስ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ከአዲሱ ይልቅ ለስላሳ ነው። ያገለገለ ልብስ መቀበል ውርደት አይደለም።

አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። በየቀኑ ለሚያጥብ ቤት ሁለት ደርዘን የሽንት ጨርቅ ይበቃል። ዳይፐር ለሌሊትና ለመንገድ ቢያዝ ወጪው ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የጠሃራን ጉዳይ እናንሳ። የኡሙ ቀይስ ልጅ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ልብስ ላይ በሸና ጊዜ ውኃ አስመጥተው እንደረጩበት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በዚህም መሠረት በሻፊዒይና በሐንበሊይ መዝሀብ ከጡት ሌላ ምግብ ያልጀመረ ወንድ ልጅ ሽንት ውኃ ቢረጭበት ይበቃል፤ የሴቷ ግን ይታጠባል። በሐነፊይና በማሊኪይ መዝሀብ የሁለቱም ይታጠባል። ለሶላት የሚሆን ልብስ ለብቻው ማስቀመጥና ሕፃኑን ሲያቅፉ ጭን ላይ ወፍራም ፎጣ ማንጠፍ አባትንም እናትንም ከጭንቀት ያድናል።

መኝታና ሙቀት

ባለ መጋረጃው አልጋ ሐራም አይደለም፤ የግድም አይደለም። ሕፃኑ የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ፣ የማይሰምጥ ፍራሽና በእናቱ አልጋ አጠገብ የራሱ ቦታ ነው። በጀርባው ይተኛ፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ለስላሳ አሻንጉሊት ከፊቱ ይራቁ። ወባ ባለበት ቆላ አካባቢ ደግሞ ከአልጋው በፊት አጎበር ይገዛ።

ለሙቀት ከእናት ደረት የሚበልጥ ማሞቂያ የለም። በ1978 (እ.ኤ.አ.) በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሐኪሞች የማሞቂያ መሣሪያ ሲያጥራቸው ትንንሽ ሆነው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አስታቅፈው ማሞቅ ጀመሩ። ዛሬ ይህ አሠራር በአገራችን ሆስፒታሎችም ይሠራበታል። ሲወለድም የመጀመሪያው እጥበት ቢያንስ ለ24 ሰዓት ቢዘገይ ሕፃኑ እንዳይበርደው ይረዳል።

አራስ ቤትን ለማሞቅ ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ግን እናትና ልጅን በአንድ ሌሊት ሊገድል ይችላል። የከሰል መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሳይታወቅ ያስተኛል። ሲጋራም በዚያ ቤት አይጨስ።

መያዣና መጓጓዣ

የሚታጠፈው ጋሪ በድንጋይ መንገድና በታክሲ ለሚኖር ቤተሰብ ብዙም አያገለግልም። እናቶቻችን ያሳደጉን በአንቀልባ ነው። ሆኖም አንገቱ እስኪጠና ድረስ በደረት በኩል ይታቀፍ፤ ፊቱ ሁልጊዜ ይታይ፤ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ፤ እግሮቹም ተጣብቀው አይጠፈሩ። የራሱ መኪና ያለው ቤተሰብ ግን ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን መቀመጫ ይግዛ። ይህ ውድ ቢሆንም የማይቀር ዕቃ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ሁለት ፎጣና አንድ ቴርሞሜትር ይጨመሩ። የሕፃኑ ሙቀት ከ37.5 በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ጡት ከተወ፣ ትንፋሹ በደቂቃ 60 ከደረሰ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ መዳፉና እግሩ ቢጫ ከሆነ ወይም እትብቱ ዙሪያ ከቀላ «እስኪነጋ» ሳይባል ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ከቤት የሚቀሩ ነገሮች

ፓውደር በትንፋሽ ገብቶ ሳንባ ይጎዳል። ኩል እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ለሕፃን ዓይን አይሁን። እትብቱ ላይ ቅቤም፣ አመድም፣ እበትም አይደረግ፤ የጤና ባለሙያ የሰጠው ቅባት ከሌለ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይተው። አንገት ላይ የሚታሰር ክታብና ትራስ ሥር የሚደረግ ቢላዋም ዐቂዳን ይነካሉ፤ ክሩ አንገት ሊያንቅ፣ ስለቱም ሊቆርጥ ይችላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለልጅ ልጆቻቸው ለሐሰንና ለሑሰይን የአላህን ጥበቃ በዱዓ ይለምኑላቸው ነበር። ይህ ጥበቃ ዋጋ አይጠየቅበትም።

ክትባትም እንዲሁ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ሲወለድ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት አይዘለሉ። ካርዱ ከልብሱ ሁሉ በላይ በክብር ይቀመጥ።

ጠያቂዎችም ድርሻ አለን

እህቶች! አራስ ስትጠይቁ ሰባተኛ ብርድ ልብስ ይዛችሁ ከመሄድ አንድ ኪሎ ምስር፣ ሳሙና ወይም ትኩስ ሾርባ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበልጣል። ሻይ ጠጥታችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሳፋ ጨርቅ ብታጥቡላት አጅሩ ከአላህ ነው። ዐረብ አገር ያላችሁ እህቶቻችንም ሻንጣ ሙሉ ጌጠኛ ልብስ ከምትልኩ፣ አራሷ በምን እንደተቸገረች አስቀድማችሁ ጠይቋት። ዐቂቃም በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ የተወደደ ሱና እንጂ ግዴታ አይደለም። የቻለ በደስታ ያርዳል፤ ያልቻለ አያፍርም።

ያ ወንድማችን የዚያን ምሽት ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው አዲስ ዝርዝር ጻፈ። አልተበደረም። ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፤ አልሐምዱሊላህ! ልንጠይቅ በሄድን ቀን ሕፃኗ የአክስቷ ልጅ የለበሰውን ሹራብ ለብሳ ተኝታ ነበር፤ እናቷም ጠግባ፣ ፊቷ በርቶ አገኘናት። አባትየው ጓዳ ሆኖ አጥሚት ያማስል ነበር። «ጋሪውስ?» ብለው ቢጠይቁት «ክንዴ አለ» ብሎ ሳቀ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለወላጆች ሁሉ ሷሊሕ ልጆችን፣ ለእናቶቻችንም ጤናና ብርታት ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።