ጠብ ያለሽ በዳቦ

አባቶቻችን ነገር ፈላጊውን ሰው «ጠብ ያለሽ በዳቦ» ይሉት ነበር፡፡ እንጀራውን ሰጥቶ ጠብ የሚሸምት ሰው በእውነት ይገኛል ብለው ግን ያሰቡ አይመስለኝም፡፡ ዛሬ ገበያው ቆሟል፤ ዋጋውም ተቈርጧል፡፡

ይኸውም ገበያ ቲክቶክ በሚባለው መድረክ ላይ ማታ ማታ የሚካሄደው የቀጥታ ስርጭት ግጥሚያ ነው፡፡ ላላየው አንባቢ አሠራሩን ልንገረው፡፡ ሁለት ሰዎች የስልኩን መስታወት ለሁለት ተካፍለው ይቀርባሉ፤ አምስት ደቂቃ ይቈጠርላቸዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተመልካች ብዙ ስጦታ ያገኘው ያሸንፋል፡፡ ስጦታው በገንዘብ የሚገዛ ሥዕል ነው፡፡ አበባዋ 1 ኮይን፣ አንበሳው 29,999 ኮይን ያወጣሉ፤ አንድ አንበሳ እንግዲህ ለሰጪው ከ300 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው፡፡ ከዚህም ግማሽ ያህሉ ለመድረኩ ባለቤት ይቀራል፡፡ (ከአውሬ ሁሉ መርጠው አንበሳን ለዚህ ሥራ ማዋላቸው ለእኛ አገር ሰው ሳቅም ኀዘንም ያመጣበታል፡፡)

ዘፈን ብቻ ቢዘፈንበት፣ ቀልድ ብቻ ቢቀለድበት ኖሮ በዚህ ሥርዓት ላይ ባልተነሣሁም፡፡ የማንንም ጣቢያ አለቃ ደጅ ሳይጠኑ ችሎታቸውን ለሕዝብ ያሳዩ የገጠር ልጆች አሉ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው፡፡ ነገር ግን አምስት ደቂቃ ለዘፈን አጭር ሲሆን ለስድብ ሰፊ ነው፡፡ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ስጦታውን የሚያዘንበው ጥሩ ድምፅ ሳይሆን የተጋለጠ ምስጢር፣ የተሰደበች እናት፣ የተነቀፈ ዘር መሆኑን ተጋጣሚው ሳይውል ሳያድር ይማራል፡፡ ስለዚህም ባልና ሚስት የጓዳቸውን ነገር አደባባይ ያወጣሉ፤ ትናንት ወዳጅ የነበሩት ዛሬ ይወነጃጀላሉ፤ በሳምንቱ ታርቀው ሌላ ጠብ ይጀምራሉ፡፡ ተመልካቹም ነገሩ እውነት ይሁን ድርሰት ሳያውቅ ጎራ ለይቶ ይሟገታል፡፡

«አዝማሪስ በገንዘብ ይሳደብ አልነበረምን?» የሚሉኝ አሉ፡፡ ይሳደብ ነበር፡፡ ግን እንዴት? በጎንደርም ሆነ፣ የሰፈሩ ብዙው ክፍል በ2017 ዓ.ም. ሳይፈርስ በፊት በካዛንቺስ፣ አዝማሪ ቤት ገብቶ ያመሸ ሰው ያውቀዋል፡፡ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ራሱ ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበለዋል፤ ነገሩ ሰምና ወርቅ ነውና ተሰዳቢው ወርቁን እስኪያገኘው ድረስ ከሰው ጋራ ይስቃል፤ ካልጣፈጠውም በተራው ስንኝ ይሰጣል፡፡ ብሩን በአዝማሪው ግንባር ላይ የሚለጥፈው ሰው ፊቱ ይታያል፤ ያሰደበውንም ሰው ነገ በለቅሶ ቤት ያገኘዋል፡፡ የአንበሳው ላኪ ግን በተውሶ ስም ተሸፍኖ ምናልባት ባሕር ማዶ ተቀምጧል፡፡ ለአንድ ስንኝ እንኳ አልደከመም፤ ጣቱን ብቻ አንቀሳቀሰ፡፡

ይህ ነገር በስልክ ውስጥ ተወስኖ አልቀረም፡፡ በሠፈራችን ልጆች ግጥሚያ ሲጫወቱ አይቻለሁ፤ ሁለቱ ይሰዳደባሉ፤ ሦስተኛው ጠጠር ይዞ ለባሰው ተሳዳቢ «አንበሳ!» እያለ ይሰጣል፡፡ በእኛ ጊዜ በእንቆቅልሽ የተረታ ልጅ አገር ይሰጥና ጥቂት ተዘልፎ ፍቺውን ይሰማ ነበር፡፡ እነዚህ ከስድቡ በኋላ የሚሰሙት ፍቺ የላቸውም፡፡

እኔ በበኩሌ አስቀድሜ የምወቅሰው ተሳዳቢዎቹን አይደለም፤ ብዙዎቹ ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው፤ ገበያው የጠየቀውን ያቀርባሉ፡፡ መድረኩም ነጋዴ ነው፤ 18 ዓመት ያልሞላው ስጦታ አይስጥ፣ አይቀበል የሚል ደንብ ጽፎ ድርሻውን ይቈጥራል፡፡ ወቀሳዬ በከፋዩ ላይ ነው፡፡ ከከፋዮቹም መካከል በባዕድ አገር የሰው ቤት ጠርገው፣ መኪና ሲነዱ አድረው ገንዘብ የሚያገኙ ወገኖቻችን መኖራቸውን አውቃለሁ፡፡ ብቸኝነት ክፉ ነው፤ ስማቸው በምስጋና ሲጠራ የአገር ሰው ድምፅ መስማታቸው ነው፡፡ ዳሩ ግን፣ አንበሳውን የላክህ ሰው ሆይ፣ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው መድረክ ላይ፣ ሃያ ሰው እንኳ ሳያየው ማሲንቆውን የሚመታ ልጅ ነበረ፡፡ ለእርሱ ብትልከው ማን ከለከለህ? ሥዕሉም ያው ነው፤ ዋጋውም ያው ነው፡፡