ካምቢዮው ሳይመረመር አይውረድ!

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ መኪና ያለውም የሌለውም ታግሶ ያንብብልኝ። መኪና የሌለን ሰዎችም የምንሳፈረው እነዚሁ መኪኖች ላይ ነው፤ የጥገናው ወጪ ዞሮ ዞሮ እኛው ሂሳብ ላይ ነው የሚያርፈው።

አውቶማቲክ መኪና ይዛችሁ ወደ አንዱ ጋራዥ ግቡ። «ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም» ወይም «ማርሽ ሲለውጥ ይመታል» በሉ። መካኒኩ ቁልፉን ይቀበላችኋል፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሮ ይመለሳል፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ካምቢዮው ሞቷል። ይቀየር።» በቃ! አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ካምቢዮ የሚያመጣው ደላላ ስልክ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝ። የተማሪውን ወረቀት ሳልገልጥ ኤፍ ብሰጥ ወላጁ በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ነው የሚገኘው፤ ልክም ነው። መኪናው ግን ወረቀቱ ሳይታረም ኤፍ ሲሰጠው ባለቤቱ «እሺ፣ ስንት ይፈጃል?» ብሎ ድርድር ይጀምራል። ለምን? «መቼ አየኸው? በምን አየኸው?» ብሎ መጠየቅ ለምን ነውር ሆነ?

እኔ የማምነው ይሄን ነው፦ ጋራዦቻችን ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያስከፍለን ነገር «ለማየት ሂሳብ የለውም» የሚለው ቸርነት ነው። መካኒኩ ለማየት ካልተከፈለው፣ የሚከፈለው ለመፍታትና ለመግጠም ብቻ ከሆነ፣ ከመፍታት ውጪ ምን ሊያዝልን ነው? ሁለት ሰዓት ተንበርክኮ «ወንድሜ፣ ካምቢዮህ ጤነኛ ነው፣ የተበጠሰው ሽቦ ነው» ቢል የዚያን ቀን ምሳውን የሚበላው በምን ነው?

አውቶማቲክ ካምቢዮ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልበል፤ ሳናውቅ ስለምንፈራው ነው የምንታለለው። በማኑዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው በእግራችን የምንረግጠው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲክ ያን ሥራ የሚሠራው ዘይት የተሞላ ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ካምቢዮው ውስጥ ደግሞ በዘይት ግፊት የሚጨመቁ ስስ ዲስኮች አሉ፤ የትኛው ዲስክ መቼ እንደሚጨመቅ የሚወስኑት ሶሌኖይድ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ ቫልቮች ናቸው። ሶሌኖይዶቹን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩም የሚያዘው ከፍጥነት ሴንሰሩና ከነዳጅ መርገጫው በኩል የሚመጣለትን ወሬ ሰምቶ ነው።

እንግዲህ «ማርሽ አይለውጥም» የሚለው በሽታ ከየት መጣ? ዘይቱ ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሶሌኖይዱ ተጣብቆ፣ ሽቦው ተልጦ፣ ሴንሰሩ ውሸት እያወራ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ራሱ ደክሞ ካምቢዮው የሞተሩን ኃጢአት የተሸከመበት ጊዜም አለ። ራሴን አመመኝ ላለ ሰው ጭንቅላት ቀይርለት የሚል ሐኪም አይታችኋል?

ምርመራው ደግሞ ተአምር አይደለም። መጀመሪያ ዘይቱ ይታያል፦ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩም ካምቢዮውም ሞቆ፣ ማርሹ በሁሉም ቦታ ካለፈ በኋላ ፒ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ። እንደ ሞተር ዘይት አጥፍቶና አቀዝቅዞ የሚለካ አለ፤ ያ ልኬት አይደለም። (መለኪያ ዘንግ የሌላቸው አዳዲሶቹ ከሥር በብሎን ነው የሚታዩት፤ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው።) ቀዩ ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ ዲስኮቹ እየነደዱ ነው። እንደ እንጆሪ ወተት ከሆነ ከራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ካምቢዮ ቀይሮ ራዲያተሩን መተው ሁለተኛውንም መግደል ነው። ዘይቱ ከጎደለ ደግሞ የፈሰሰበት ቦታ አለ። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይነድም፤ ጎሎ ከተገኘ ወጥቷል።

ቀጥሎ ኮምፒውተር ይደረጋል። ፒ 0700 የሚል ቁጥር ከወጣ ትርጉሙ «ካምቢዮው በኩል ችግር ተመዝግቧል» ብቻ ነው፤ «ካምቢዮ ግዛ» አይልም። ፒ 0750 ከሆነ ወደ ሶሌኖይዱና ወደ ሽቦው ይጠቁማል። ቁጥሩ የፍለጋው መጀመሪያ ነው፤ የእኛ ሰዎች ግን ስክሪኑን ለባለቤቱ አሳይተው «ይኸው፣ ማሽኑም አለ» ይላሉ። ማሽኑ ምን አለ? ማሽኑ ያለው «ሂድና ሽቦውን ለካ» ነው!

ከዚያ ያለ ምንም ማሽን የሚሠራ ነገር አለ። መኪናው ቆሞ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ከኤን ወደ ዲ ሲገባ ካምቢዮው እስኪይዝ ድረስ ያለው ጊዜ ይለካል። የቶዮታ የጥገና መመሪያ ወደ ዲ ሲገባ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር ሲገባ ከ1.5 ሰከንድ ማነስ አለበት ይላል። የስልክ ሰዓት ይበቃል። ሌላው ፍሬን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ዲ ላይ ነዳጅ በመርገጥ ሞተሩ ስንት ዙር ድረስ እንደሚወጣ ማየት ነው፤ ከ5 ሰከንድ በላይ አይረገጥም፣ ዘይቱ ይፈላል፤ ልምድ የሌለው ሰውም ባይሞክረው ይሻላል። ዙሩ መመሪያው ካስቀመጠው በጣም ከበለጠ ውስጥ የሚንሸራተት ነገር አለ፤ በጣም ካነሰ ግን ሞተሩ ወይም ኮንቨርተሩ ይጠረጠራል። የግፊት መለኪያ ያለው ደግሞ የዘይቱን ግፊት ይለካል። በመጨረሻ የታችኛው ሳህን ወርዶ ውስጡ ይታያል፦ ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ዱቄት የተለመደ ነው፤ የሚቧጥጥ የብረት ፍርፋሪ ከተገኘ ግን ያ መርዶ ነው።

ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካምቢዮ ለማውረድ የሚፈጀው ጊዜ አይፈጅም።

የማወራው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የእህቴ ባል በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ራይድ እየሠራ ነው አራት ነፍስ የሚያስተዳድረው። መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ ትከብዳለች፣ ማርሽ አትለውጥም፣ ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። በእነዚህ የድሮ ቶዮታዎች ያ ብልጭታ «ችግር መዝግቤያለሁ፣ አንብቡኝ» የሚል መልእክት ነው። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ውስጥ ግን ማንም አላነበበውም። «ሞቷል» ተባለ፤ ከእኔ የአስር ወር ደመወዝ በሚበልጥ ብር ያገለገለ ካምቢዮ ተገዛ፣ ገሚሱ ከዕቁብ፣ ገሚሱ ከብድር። ተገጠመ። መብራቱ አሁንም ብልጭ ድርግም! መኪናዋ አሁንም ትከብዳለች! «ይሄኛውም ድካም አለበት፣ ሌላ እናምጣ» አሉት።

ሌላ ቦታ አንድ ልጅ እግር ባለሙያ ሁለት ሰዓት በቴስተር ሲለካ ቆይቶ ወደ ሶሌኖይዱ የሚሄደው ሽቦ ከባትሪው መቀመጫ ሥር ተልጦ ብረት እየነካ መሆኑን አገኘው። ኮምፒውተሩ ሶሌኖይዱን ሲያጣው ራሱን ለመጠበቅ በቀሩት ማርሾች ብቻ ይነዳ ነበር። ሽቦው ተቀጠለ፣ ተሸፈነ፣ መብራቱ ጠፋ። አሮጌው ካምቢዮስ? «ልዋጭ ነው» ብለው ጋራዡ ውስጥ አስቀርተውታል። ጤነኛው ካምቢዮ አሁን የማን መኪና ላይ «ከዱባይ የመጣ ንጹሕ» ተብሎ እንደተገጠመ እግዚአብሔር ይወቀው።

መካኒኮች የሚመልሱልኝን አውቃለሁ፤ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «ደንበኛው ለምርመራ ክፈል ሲባል ጥሎ ይሄዳል» ይላሉ። እውነት ነው! እዚህ ላይ ባለመኪኖችን አልምርም። ለካምቢዮ መቶ ሺዎች ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ለሁለት ሰዓት ምርመራ ሲጠየቅ «ምን ሠራህና?» ይላል። እጅ ዘይት ካልነካ ሥራ አይመስለንም። ሐኪም ቤት ገብተን ካርድ እንከፍላለን፣ ላቦራቶሪ እንከፍላለን፣ መድኃኒቱ በኋላ ነው። ጋራዥ ስንገባ ግን ላቦራቶሪው በነጻ፣ ቀዶ ጥገናው በብድር! የሚያውቀው ባለሙያ እየከሰረ፣ የሚገምተው ደግሞ እየከበረ የሄደው በእኛው ገንዘብ ነው።

«ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ መግጠም ይቀላል» የሚለውን ደግሞ እንየው። ከዱባይና ከሻርጃ የሚመጣው ካምቢዮ መኪናው ተጋጭቶ ይሁን ካምቢዮው ተበላሽቶ የተፈታ መሆኑን በዓይን አይቶ የሚነግራችሁ ሰው የለም። ዋስትናው «አስነስተህ እየው» ነው። ከጋራዡ በር ከወጣህ በኋላ አናውቅህም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለምትገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለህ ይላል። ያለ ደረሰኝ፣ በደላላ ስልክ ለመጣ ካምቢዮ ይህን መብት ይዘህ ማን ዘንድ ትሄዳለህ?

ጊዜውም የድሮው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መለዋወጫው በዶላር ነው የሚመጣው። ያሉን ቪትሶችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው፤ በግምት የሚጣል ካምቢዮ የለንም።

ካምቢዮ በጭራሽ አይቀየር አላልኩም። ዘይቱ ተቃጥሎ፣ ሳህኑ ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ተገኝቶ፣ ግፊቱ ወድቆ ከሆነ በቃ፣ ይቀየር ወይም በሙሉ ይታደስ። ግን ያኔም አገባቡ አለው። የሚገዛው ካምቢዮ ኮድ መኪናው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ከተጻፈው ጋር ይመሳከር፤ «የኮሮላ ነው» ብቻ አይበቃም። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣና ቱቦዎቹ ይታጠቡ፤ የሟቹ ብረት እዚያ ተደብቆ አዲሱን ይጠብቀዋል። ቶርክ ኮንቨርተሩ ፓምፑ ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባቱ በልኬት ይረጋገጥ። ሳይገባ በብሎን ጎትቶ ማጥበቅ ፓምፑን ይሰብራል፤ ከዚያ «የገዛኸው ካምቢዮ ብልሹ ነበር» ይባላል። ዘይቱም የራሱ ዓይነት ይሁን። ከ2005 ወዲህ ከተሠሩት የጃፓን ቪትሶች ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው፤ ውስጣቸው በሁለት ፑሊዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ ነው ያለው። ለሱ የተለመደውን ቀይ ዘይት መስጠት ቀበቶው እንዲንሸራተት መፍቀድ ነው። «ዘይት ሁሉ ዘይት ነው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ባለመኪና ወዳጆቼ፣ የምርመራውን ሂሳብ አስቀድማችሁ ተስማሙና ክፈሉ። ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፦ የዘይቱ መጠንና ቀለም፣ የወጣው ቁጥር፣ የተለካው ሰከንድ፣ ሳህኑ ውስጥ የተገኘው። ሳህኑ ሲከፈት እዚያው ቁሙ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። አሮጌው ካምቢዮ የእናንተ ንብረት ነው፤ ልዋጭ ነው ካሉ ዋጋው ተለይቶ ይጻፍ። ጋራዥ ያላችሁ ደግሞ የምርመራ ዋጋ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ጥሎ የሚሄድ ደንበኛ ይሂድ፣ የእህቴ ባል ዓይነቱ እናንተን ፍለጋ ከተማ አቋርጦ ይመጣል።

ምርመራ በሂሳብ ሠርቶ ውጤቱን በጽሑፍ የሚሰጥ ጋራዥ የምታውቁ ካላችሁ ከተማውንና ሰፈሩን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። «ለማየት ነጻ ነው» የሚሉትን አትጻፉ፤ እነሱን እናውቃቸዋለን።