መጋዘኑ የት ይሁን? ወይስ የማን ይሁን?

ጋቢውንም ቡናውንም ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለአሜሪካ ገዢ በየጥቅሉ መላክ ለብዙ ትናንሽ የኦንላይን መደብሮች የተለመደ አሠራር ነበር። ዋጋው ከ800 ዶላር ያልበለጠ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት ፈቃድ እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2025 ለሁሉም አገሮች ሲዘጋ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዕቃውን በጅምላ አስገብቶ፣ አሜሪካ ውስጥ አስቀምጦ፣ ትዕዛዝ ሲመጣ ከዚያው መላክ ለብዙዎች የተሻለ አማራጭ ሆነ። አብዛኛው ሻጭ የራሱ መጋዘን ስለሌለው ዕቃውን ተቀብሎ፣ አሽጎ ለሚልክለት ድርጅት ይሰጣል። ይህ ድርጅት በምን ይመረጥ? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ቦታው ይቅደም

ኦንላይን የሚሸጥ ሰው ትርፉን የሚያጣው በአብዛኛው ከመጋዘኑ እስከ ገዢው ደጃፍ ባለው መንገድ ላይ ነው። ይህ መንገድ የሚለካው ደግሞ በዞን ነው። ፖስታ ቤቱም፣ ዩፒኤስም፣ ፌዴክስም የምድር ዋጋ ሲያወጡ ጥቅሉ ከተነሣበት ዚፕ ኮድ እስከሚደርስበት ያለውን ርቀት ያያሉ። ከ301 እስከ 600 ማይል ዞን 4 ነው፤ ከ601 እስከ 1000 ማይል ዞን 5። ከ1800 ማይል ያለፈው ዞን 8 ይሆናል። ዞኑ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ ቀኑም ይረዝማል። ይህ ልዩነት በአንድ ጥቅል ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲከፈል ግን መደብሩን ያዘጋል።

ካርታውን እንዘርጋ። ከወገናችን ብዙው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ መኖሩ እውነት ነው። ግን ሚኒያፖሊስም አለ፤ አትላንታ፣ ዳላስ፣ ዴንቨር፣ ሲያትልም አሉ። ሸማኔው የሠራውን ስካርፍ፣ የይርጋጨፌን ቡና የሚገዛው ሐበሻ ያልሆነው ደንበኛ ደግሞ በየትኛውም ከተማ አለ፤ ንግዱ ሊያድግ የሚችለውም በእሱ ነው። መጋዘንህን ዲሲ አቅራቢያ ባለው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ብታደርገው ለአትላንታ ዞን 4፣ ለዳላስ ዞን 6፣ ለዴንቨር ዞን 7 ትከፍላለህ። ኬንታኪ፣ ሉዊስቪል ላይ ብታደርገው ዲሲም አትላንታም ዞን 4 ይሆናሉ፤ ዳላስ ወደ 5 ይወርዳል። ሲያትል ከሁለቱም ዞን 8 ነው፤ እሱን አልደብቅም። የመሀል አገሩ ብዙ ከተማ ግን ይቀርብሃል።

ሉዊስቪልን ያነሣሁት በዘፈቀደ አይደለም። ወርልድፖርት የሚባለው የዩፒኤስ ትልቁ የአየር ማመላለሻ ማዕከል እዚያ ነው፤ የፌዴክስ ደግሞ ሜምፊስ። በእነዚህ ከተሞች ያለ መጋዘን አውሮፕላኑ ሌሊት የሚነሣው ከጎኑ ስለሆነ ሌላ ቦታ ያለው በሩን ከዘጋ በኋላ የመጣ ትዕዛዝ እንኳ ለዚያው ሌሊት በረራ ማስረከብ ይችላል። ይህ ለእኛ ደንበኛ ትልቅ ነገር ነው። እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ቀን ነው፤ ቀሚሱ በ13 ቢደርስ ማን ይለብሰዋል? ልደትም የሚውለው ጃንዋሪ 7፣ አመላላሾቹ ከፈረንጆቹ በዓል መጨናነቅ ባልወጡበት ሰሞን ነው። ቅርበት ያስፈለገን ያኔ ነው።

የኪራዩን ነገርም እናንሣ። በደለስ ዙሪያ፣ በላውደን ካውንቲ፣ መሬቱን ከመጋዘኖች ጋር የሚሻሙት የዳታ ማዕከሎች ናቸው፤ ዋጋውን የሰቀሉትም እነሱ ናቸው። ጋቢ ለማስቀመጥ ብለን ከእነሱ ጋር መጫረት ምን ያስፈልገናል?

ደግሞም በአንድ ወደብ ላይ ብቻ መንጠልጠል አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 የባልቲሞር ድልድይ በመርከብ ተመትቶ ሲወድቅ የወደቡ ዋና የመርከብ መስመር ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ጁን 10 ቀን ነበር። መሀል አገር ያለ መጋዘን ከኖርፎክም፣ ከሳቫናም፣ ከሎስ አንጀለስም ዕቃ ይቀበላል፤ አንዱ በር ቢዘጋ በሌላው ይገባለታል። ድርጅት ሲመረጥ በመጀመሪያ ካርታ ይታይ የምለው ለዚህ ነው።

የሚያሽገው እጅ ይቅደም

ወንድሜ ካርታውን ጥሩ አድርገው ዘርግተውታል። ዋጋው ግን በርቀት ብቻ አይወጣም። አንድ ጋቢ እንውሰድና እንመዝነው፤ 4 ፓውንድ ሆነ እንበል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ቸኩሎ በአቅራቢያው ያገኘው ካርቶን 16 በ12 በ8 ኢንች ነው። ዩፒኤስና ፌዴክስ የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት አባዝተው ለ139 ያካፍላሉ፤ ውጤቱ ከሚዛኑ ከበለጠ የሚያስከፍሉት በእሱ ነው። 1536 ለ139 ሲካፈል ከ11 ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ የ12 ፓውንድ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ያንኑ ጋቢ አንዷ ሠራተኛ በደንብ አጥፋ፣ አየሩን አስወጥታ፣ 14 በ9 በ5 በሆነ ካርቶን ብታስገባው 5 ፓውንድ ይሆናል። ዞኑ ያው ነው፤ ገዢውም ያው ነው። ከኦገስት 2025 ወዲህ ደግሞ ሁለቱም ድርጅቶች ትርፍራፊ ኢንችን ሁሉ ወደ ላይ ስለሚያጠጋጉ የካርቶኑ ምርጫ ከበፊቱም ይበልጥ ይጎዳል። ሉዊስቪል ሆኖ 12 ፓውንድ የሚልክ መጋዘንና ደለስ ሆኖ 5 ፓውንድ የሚልክ መጋዘን ሲወዳደሩ እኔ የቱን እንደምመርጥ ግልጽ ነው።

ስለ ምግብ ደግሞ ወንድሜ ምንም አላሉም። ቡና፣ በርበሬና ሽሮ የሚያስቀምጥ መጋዘን በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባውም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ካልተመዘገበ መሀል አገር መሆኑ አያድነውም። ከምዝገባው በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ሁሉም የእጅ ነው። የተቆላ ቡና የጎረቤቱን ሽታ ይስባል፤ ከበርበሬ ወይም ሽቶ ካለው ሳሙና አጠገብ የተደረደረ ቡና ከፍተው ሲያሸቱት ቡና ቡና አይልም። እኔ አንድ መጋዘን ውስጥ ቡናዬ ሽቶ ካላቸው ሻማዎች ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አግኝቻለሁ። የጠየቅኩት ሰው መደርደሪያውን በቁጥር እንጂ በዕቃው ዓይነት እንደማይመድቡ ነገረኝ። ያ መጋዘን ከአውራ ጎዳናው መውጫ አጠገብ ነበር፤ በካርታ ከታየ እንከን የለውም። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ የሚለው ደንብም ቢሆን የሚሠራው የተቆላበትን ቀንና የባቹን ቁጥር መዝግቦ የሚያነሣ ሠራተኛ ካለ ብቻ ነው። አንድ ባች ተመላሽ ይሁን ቢባል ያ ባች ለማን ለማን እንደሄደ ሊነግሩኝ የሚችሉት እነሱ ናቸው።

ግብሩም አለ። በአንድ ስቴት ዕቃ ማስቀመጥ በዚያ ስቴት የሽያጭ ግብር የመሰብሰብ ግዴታ ያመጣል። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስቴቶች ከሩቅ ሻጭም ግብር እንዲጠይቁ ፈቅዷል፤ ትናንሽ ሻጮችን ግን አብዛኛው ስቴት ከ100,000 ዶላር ሽያጭ በታች ከሆኑ ይተዋቸዋል። ዕቃው ስቴቱ ውስጥ ካለ ያ ገደብ አይጠቅምም። ቨርጂኒያ የሚኖር ሻጭ ዕቃውን ኬንታኪ ሲያስቀምጥ ሁለተኛ ምዝገባና ሁለተኛ የግብር ወረቀት ይጨመርበታል።

ከሁሉም በላይ ውሉን አንብቡ። በአሜሪካ የንግድ ሕግ መጋዘኑ ላልተከፈለው ሂሳብ ዕቃችሁን የመያዝ መብት አለው፤ ሥርዓቱን ተከትሎም ሊሸጠው ይችላል። ለጠፋ ወይም ለተበላሸ ዕቃ ያለበትን ኃላፊነትም በውል ሊገድብ ይችላል። የእሱ ኢንሹራንስ የእናንተን ጋቢ በራሱ አይሸፍንም፤ ለዕቃችሁ የራሳችሁን መግዛት አለባችሁ። እንዲህ ያለ ሥልጣን የምሰጠውን ሰው ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ። ሳልጠራ ሄጄ አንድ ዕቃ መርጬ «ስክሪናችሁ ስንት አለ ይላል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ራሴ እቆጥራለሁ። ስያሜ ያልተለጠፈባቸው ካርቶኖች የት እንደሚከማቹ፣ ተመላሽ ዕቃ ከመጣ በኋላ ስንት ቀን ሳይከፈት እንደሚቆይ አያለሁ። ይህን የማደርገው በመኪና ሄጄ ከምመለስበት ቦታ ነው። ሉዊስቪል ድረስ ለቆጠራ የሚበር ትንሽ ነጋዴ አላውቅም።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

እኅቴ በጋቢው ሂሳብ ትክክል ናቸው፤ ካርቶኑ ግን የሚወሰነው በሠራተኛው ፈቃድ መሆን የለበትም። ጋቢው አዲስ አበባ ላይ አየሩ ወጥቶ፣ በልኩ ታሽጎ፣ ባርኮዱ ተለጥፎበት ይምጣ፤ ለየትኛው ዕቃ የትኛው ካርቶን እንደሆነ በውሉ አባሪ ይጻፍ። ያን ጊዜ 5 ፓውንዱ ሉዊስቪልም 5 ፓውንድ ነው፤ በዚያ ላይ ዞኑ ይቀንሳል። የማሸግ ጉድለት በአንድ ሳምንት ይታረማል። የቦታ ስሕተት ግን ሲታረም ዕቃው ሁሉ እንደገና ይጫናል፣ ማውጫም ማስገቢያም ይከፈላል፣ አዲስ ስቴት ላይ እንደገና ይመዘገባል። ከባዱን ውሳኔ አስቀድሞ ማድረግ ይሻላል።

የኬንታኪ ምዝገባ ወረቀት መጨመሩን አልክድም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተመዝግቦ በየጊዜው የሚሞላ ቅጽ ነው፤ ዞን ግን በእያንዳንዱ ጥቅል ይከፈላል። ሳይጠሩ ሄዶ መቁጠርም ጥሩ ነው፤ ለዚያ ግን በቆጠራው ልዩነት ላይ ካሣ የሚያስከፍል ውል መኖሩ ከዓመት አንድ ጊዜ ጉብኝት ይበልጥ ይጠብቃል።

የሁለተኛዋ ጸሐፊ መልስ

ይህ ሁሉ የሚሠራው መጋዘኑ ቃሉን ሲያከብርልን ነው። ትልቁ የመሀል አገር መጋዘን በወር ይህን ያህል ጥቅል ካልላክሽ ዝቅተኛውን ክፍያ ክፈይ ይላል፤ በቀን አሥር ጥቅል የምትልክ መደብር ደግሞ እዚያ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ትቆማለች። የውሉን አባሪ የሚያስፈጽምላት ማን ነው? ለአንድ ጠፍቶ ለቀረ የቡና ካርቶን ኬንታኪ ጠበቃ አትቀጥርም።

ወንድሜ ካርታ ያንሡ፤ እኔም አነሣለሁ፤ ግን የአገሩን ሳይሆን የራሴን። ያለፉትን ስድስት ወር ትዕዛዞች ዚፕ ኮድ አውጥቼ ብቆጥርና ግማሹ ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዲሲ ከሆነ፣ ለሌላ ሰው ደንበኛ አማካይ የሆነ ቦታ ለእኔ ሩቅ ነው። ሲያትልና ዳላስ ሲበዙልኝ ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያ ከመጋዘኑ ጋር ስዋዋል መጀመሪያ የማየው የመውጫውን አንቀጽ ነው፤ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደምችል፣ ዕቃዬን ሲያወጡ በፓሌት ስንት እንደሚያስከፍሉ፣ የመጨረሻው ቆጠራ በማን ፊት እንደሚደረግ። ይህን ጽፎ የማይፈርም ድርጅት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ቢሆንም ዕቃዬን አላስገባበትም።