ለወረዳ ጥገና ስለሚሆን የመበየጃ መኪና አመራረጥ

የገበሬ ሥራ የሚስተጓጐለው በሬ ሲታመም ወይም ዝናም ሲቀር ብቻ አይደለም፤ ብረት በተሰበረ ጊዜም ይስተጓጐላል። የወፍጮ ዘንግ ቢሰበር ያገሩ ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው ወደ ሩቅ ወፍጮ ይሄዳሉ፤ የመውቂያ መኪና እግሩ ቢላቀቅ የታጨደው ስንዴ በዐውድማ ላይ ዝናም ያገኘዋል፤ የውሃ መሳቢያው ፓምፕ ማቆሚያ ቢሰነጠቅ በመስኖ የተተከለው ሽንኩርት ይጠወልጋል። ስብራቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጣት ርዝመት አይበልጥም፤ ጉዳቱ ግን የመንደሩን ሁሉ እንጀራ ይነካል።

ይህ ነገር በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ እጅግ ይከብዳል። መካነ ሰላም ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የከላላም ወረዳ በደቡብ በኩል እስከ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። ከቆላው የሚወጣ ሰው የተሰበረውን ብረት በአህያ ጭኖ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም እስከ ደሴ ቢወስድ፣ ለመሄጃው፣ ተራ ለመጠበቂያውና ለመመለሻው ብዙ ቀን ያልፍበታል። ስለዚህ ብረቱ ወደ መበየጃው ከሚሄድ ይልቅ መበየጃው ወደ ብረቱ ይሂድ ብለው የሚያስቡ ሹማምንት ሊመሰገኑ ይገባል።

ነገር ግን አሳቡ መልካም ሳለ ግዢው ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ገንዘቡ በተገኘ ጊዜ ሻጩ በመኪናው ፊት የተጻፈውን ትልቅ ቍጥር ያሳያል፤ 200 አምፔር፣ 250 አምፔር ይላል፤ «በኤሌክትሮድም በቲግም ይበይዳል» ብሎ ይጨምራል። ገዢውም ቍጥሩ ከፍ ያለውን፣ ሥራውም ብዙ የተባለለትን ይመርጣል። መኪናው ከወረዳው በደረሰ ጊዜ ግን ጄኔሬተሩ አይሸከመውም፣ የቲጉ ጋዝ በቅርብ አይገኝም፣ የሚይዘውም ሰው አልተማረም፤ በዕቃ ግምጃ ቤት ተቈልፎበት ይቀራል። እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ለወረዳ የሚሆን መበየጃ የሚመረጠው በላዩ በተጻፈው ቍጥር ሳይሆን በሚሠራበት አገር ከፍታ፣ በሚያገኘው ኤሌክትሪክና በሚይዘው ሰው እጅ ነው። የኤሌክትሮዱ ብየዳ ዋና ይሁን፤ ቲግ ተከታይ ይሁን።

የሁለቱን ልዩነት በአጭሩ መግለጥ ያስፈልጋል። በኤሌክትሮድ ሲበየድ በያጁ ልባስ ያለው ቀጭን የብረት ዘንግ በመቆንጠጫ ይይዛል፤ ኤሌክትሪኩም በዘንጉና በተሰበረው ብረት መካከል እሳት አስነሥቶ ሁለቱን አቅልጦ ያዋሕዳቸዋል። ልባሱ ሲቃጠል የሚያወጣው ጢስና በላዩ የሚረጋው ቅርፊት የቀለጠውን ብረት ከአየር ይጠብቀዋል። ይህን ልባስ ያለውን ኤሌክትሮድ የስዊድኑ ሰው ኦስካር ኬልበርግ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አወጣው፤ የመርከብ ጥገና ሥራም አደገበት። ቲግ ግን የማይቀልጥ የተንግስተን መርፌ ይዞ፣ በዙሪያው አርገን የሚባለውን ጋዝ እያፈሰሰ፣ መሙያውን ዘንግ በሌላው እጅ እያቀረበ የሚሠራ ዘዴ ነው። ይህም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1941 ገደማ በአሜሪካ አገር በአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ማግኒዝየም የተባለውን ቀላል ብረት ለመበየድ የተደራጀ ነው። እንግዲህ የተወለደበት ቤት የእያንዳንዱን ጠባይ ይናገራል፤ አንዱ የተሰበረ ነገር በሚጠገንበት ወደብ አደገ፣ ሁለተኛው ነፋስ በማይገባበት ንጹሕ ቤት አደገ።

በወረዳ የሚሰበረው ብረት አብዛኛው ተራ ብረት ነው፤ የዛገ፣ ቅባት የነካው፣ ቀለም የተቀባ፣ ውፍረቱም ከ3 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ነው። ይህን የመሰለውን ኤሌክትሮድ ይታገሠዋል፤ ቲግ ግን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ካልተጠረገ ሥራው ቀዳዳ ያበዛል። በደጋው ሜዳ ላይ የሚነፍሰውም ነፋስ አርገኑን ጠርጎ ይወስደዋል። የጋዙንም ነገር በሒሳብ እንየው። ባለ 40 ሊትር የብረት ጠርሙስ በ150 ባር ግፊት ቢሞላ 6,000 ሊትር ያህል ጋዝ ይይዛል፤ በደቂቃ 10 ሊትር ቢፈስ 600 ደቂቃ፣ ይኸውም 10 ሰዓት ይበቃል። ካለቀ በኋላ ከነባዶው ወደ 50 ኪሎ የሚጠጋውን ጠርሙስ ጋዝ ወደሚሞላበት ከተማ መልሶ መላክ ግድ ይሆናል። መኪናው 10 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ተንቀሳቃሽ ነው ተብሎ ተገዝቶ፣ ከእርሱ አምስት እጥፍ የሚከብድ ጓደኛ ካስከተለ ተንቀሳቃሽነቱ ምኑ ላይ ነው?

ይህን ማለታችን ቲግ አይረባም ለማለት አይደለም። ስስ የሆነውን የማይዝግ ብረት፣ የወተት ዕቃን፣ የምግብ ማቀነባበሪያ ቧንቧንና ሌላውንም ቅጣት የማይችል ሥራ አሳምሮ የሚሠራው ቲግ ነው። በየከተማው ባለ የሙያ ትምህርት ቤት ቢኖር ተማሪው እጁን ያቀናበታል። ነገር ግን ገዢው አንድ ነገር ይወቅ፤ ቀጥታ ጅረት ብቻ የሚሰጥ የቲግ መኪና አልሙኒየም አይበይድም። አልሙኒየም በላዩ ያለውን ጽኑ ልባስ የሚሰብርለት ተለዋዋጭ ጅረት ያስፈልገዋል፤ ይህንም የሚሰጠው መኪና ዋጋው ይበልጣል። ስለዚህ ለወረዳ የሚበጀው ቀጥታ ጅረት የሚሰጥ፣ በኤሌክትሮድ አጥብቆ የሚሠራ፣ መርፌውን ብረቱን አስነክቶ በማንሣት ቲግ የሚጀምር ቀላል ኢንቨርተር ነው። የቲጉ መያዣና ጋዝ ሠራተኛው ከተማረ በኋላ ቢገዛ አይዘገይም።

ቀጥሎ የሚመረመረው ኤሌክትሪኩ ነው፤ በዚህም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በደኅና ለማቅለጥ 120 አምፔር ያህል ይበቃል። ይህን ለመስጠት ተራ ኢንቨርተር ከ220 ቮልቱ መስመር ወደ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ይስባል፤ የኃይል ማስተካከያ ያለው ግን 3.5 ያህል ብቻ ይበቃዋል። እንግዲህ መብራት በሌለበት ቀበሌ ጄኔሬተር ይነሣል። የጄኔሬተር ሞተር እንደ ሰው በአየር ይኖራል፤ ወደ ላይ በወጣን በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ አንድ ያህል ይቀንሳል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ናትና በዚያ የሚሠራ ጄኔሬተር ከኃይሉ ሩቡን ያጣል። በላዩ 5 ተብሎ የተጻፈው በእውነቱ 4 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ተራ ኢንቨርተር የሚገዛ ወረዳ ከ7 ኪሎ ቮልት አምፔር ያላነሰ ጄኔሬተር ያዘጋጅ፤ ይህን ያህል የሌለው በመበየጃው ላይ ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ የኃይል ማስተካከያ ያለውን ይግዛ፤ በነዳጅ ይክሰዋል። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም ኃይሉን በመንገድ እንደሚበላው አይዘንጋ።

ከፍታው የመበየጃውንም ልክ ይነካል። በመኪናው ላይ የሚጻፈው የሥራ መጠን ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ ሳያርፍ እንደሚበይድ የሚገልጽ ነው። 200 አምፔር ከመቶ 20 ቢል፣ 2 ደቂቃ ሠርቶ 8 ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። ይህም ልክ የተሰጠው ከ1,000 ሜትር ለማይበልጥ ከፍታ ነው፤ በደጋው ያለው ስስ አየር መኪናውን ያን ያህል አያቀዘቅዝለትም። ስለዚህ ገዢው ስለ 200 አምፔር ሳይሆን በ120 አምፔር ከመቶ 60 ይሠራል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ደግሞም የመስመሩ ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል የሚታገሥ፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ የሚገኝ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥ። ዕቃውን ከመረከብ በፊት በወረዳው በራሱ ጄኔሬተር፣ ባገሩ በያጅ እጅ፣ አሥር ኤሌክትሮድ አከታትሎ ማስበየድ ይገባል። ሳይፈተን የተፈረመበት ዕቃ በኋላ ክርክር እንጂ ሥራ አይወጣውም።

ኤሌክትሮዱም እንደ ዘር እህል ጥበቃ ይሻል። 6013 የሚባለው ለተራው ሥራ ይሆናል፤ 7018 የሚባለው ጭነት ለሚሸከም ብርቱ ሥራ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው በክረምት ርጥበት ከጠጣ የበየደው ስፍራ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በታሸገ ቆርቆሮ ይቀመጥ፣ ርጥበት ከነካውም አምራቹ በጻፈው ሙቀት በምድጃ ይድረቅ። ካስት አይረን የሚባለው ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ እንደ ፓምፕ አካል ያለው፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ ይፈልጋል፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር እየተበየደ፣ በመዶሻ ቀስ ብሎ እየተመታ፣ በትኵስ ዐመድ ተቀብሮ ቀስ በቀስ መቀዝቀዝ አለበት። ከባሌስትራ የተሠራ ዕቃም ሳይሞቅ ቢበየድ ወይም በውሃ ቢነከር ከብየዳው አጠገብ እንደ መስተዋት ይሰበራል። ማረሻን መሳል ግን የቀጥቃጭ ሙያ ነውና ለወናፍና ለመዶሻ ይተው፤ መልካም አንጥረኛ በእሳት የሚያወጣውን ስለት የመበየጃ መኪና አይሰጥም።

አደጋውንም ማስተማር የሹም ተግባር ነው። ያለ መከላከያ መስተዋት ብየዳን ያየ ሰው ሌሊቱን ዓይኑን እንደ አሸዋ ሲቈረቍረው ያድራል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ትኵሳት ያስይዛል። ነዳጅ የነበረበትን በርሜል ሳያጥቡና ሳያጸዱ መበየድ ሰውን ይገድላል። በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ፣ ዝናም እየወረደ መበየድ ክልክል ይሁን። የትራክተሩን የባትሪ ገመድ ሳይፈቱ በላዩ መበየድም ውድ የሆነውን የኤሌክትሪክ ክፍል ያቃጥላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መኪናው በማን እጅ ይግባ የሚለው ነው። አገራችን የብረት ሥራን እየተጠቀመች ሠራተኛውን መናቋ የቆየ በሽታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ፤ በ1860 ዓመተ ምሕረትም መንገድ እያስጠረጉ በብዙ ሰው ጕልበት ወደ መቅደላ አወጡት። መድፉ ዛሬም በዚያው በወሎ አምባ ላይ አለ፤ ሙያው ግን ከባላገሩ አንጥረኛ እጅ ስላልገባ በዚያ አልተከለም። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓመተ ምሕረት በእጁ ሠርቶ የሚኖረውን ሰው በሙያው ምክንያት እንዳይሰድቡት አዋጅ አስነገሩ። ከአዋጁ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆኖም ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብሎ የሚሸሽ ሰው ገና አልጠፋም። እንግዲህ መበየጃው ብረት ነክቶ ለማያውቅ ሰው በዝምድና ከሚሰጥ፣ የብረትን ጠባይ ከልጅነቱ ለሚያውቀው ለአንጥረኛው ልጅ ትምህርት ጨምሮ ቢሰጠው ይሻላል። በየወረዳው ሁለት ሰዎች ተመርጠው በሙያ ትምህርት ቤት ይሠልጥኑ፤ መኪናውን በውል ይረከቡ፤ የሥራው ዋጋ በአደባባይ ተጽፎ ይሰቀል፤ የተጠገነው ዕቃ፣ የወጣው ኤሌክትሮድና ቀኑ በመዝገብ ይግባ።

ምናልባት «በዞኑ ከተማ አንድ ትልቅ የጥገና ቤት ማቋቋም አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ትልቁ ቤት ለትልቁ ሥራ ያስፈልጋል፤ የትራክተር ሞተርና የኮምባይነር ማርሽ በሜዳ አይታደስም። ነገር ግን በመከር ሰዓት የተሰበረው ብዙው ነገር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ሥራ ስለ ምን የብዙ ቀን መንገድ? ደግሞም ትንሹ መበየጃ በየቀበሌው ሲዞር የትኛው ስብራት በወረዳ እንደሚያልቅ፣ የትኛው ወደ ዞን እንደሚላክ ይታወቃልና ትልቁን ቤት የሚረዳው እንጂ የሚቃረነው አይደለም።

ስለዚህ ክቡራን አስተዳዳሪዎችና ባለይዞታዎች፣ ከሚመጣው መከር አስቀድማችሁ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እናሳስባለን። በግምጃ ቤት ተቈልፎ የተቀመጠ መበየጃ እንዳለ አስፈልጉ፤ ካለ አዲስ ከመግዛት በፊት እርሱን አስፈትኑ። ያላችሁን ጄኔሬተር ከአገራችሁ ከፍታ ጋር አስተያይታችሁ አስመርምሩ። በወረዳችሁ ያሉትን አንጥረኞች በስማቸው አስጠርታችሁ፣ በአደባባይ አክብራችሁ አነጋግሩ፤ የትኛው ብረት በየትኛው ወር እንደሚሰበር ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ይባላል፤ የመከሩም ጥገና መሰናዳት ያለበት ስንዴው ገና በማሳው ላይ ሳለ ነው።