አብሽ የአጥንት መድኃኒትን ይተካል?

«ሐኪሙ አጥንትሽ ሳስቷል ብሎ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አሌንድሮኔት የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ። ጎረቤቴ ደግሞ እሱን ትተሽ አብሽና ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰሽ ውሰጂ አለችኝ። ምን ይሻለኛል?» ሲሉ አንዲት እናት ጠይቀውኛል።

እህቴ፣ የጎረቤትዎ ምክር ከባዶ የመጣ አይደለም። በአጥንታችን ውስጥ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሴሎች ዕድሜ ልክ ይሠራሉ። የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ማፍረሱ ከመገንባቱ ይበልጣል። ተመራማሪዎችም ይህን የሚገታ ነገር በአብሽ፣ በጥቁር አዝሙድና በአኩሪ አተር ውስጥ ሲፈልጉ ቆይተዋል። ነገር ግን አብዛኛው የአብሽና የጥቁር አዝሙድ ሙከራ የተደረገው በአይጦች ላይ ነው።

አይጥን የጠቀመ ሁሉ ሰውን አይጠቅምም። በአኩሪ አተር ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር ተነሥቶ የተሠራ ኢፕሪፍላቮን የሚባል ኪኒን ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። አጥንታቸው የሳሳ 474 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ ግን ኪኒኑ የአጥንት መሳሳትንም ሆነ የአከርካሪ ስብራትን አልከለከለም። ጭራሽ የአንዳንዶቹን ነጭ የደም ሴል ቀነሰ።

አሌንድሮኔት ግን በሰው ላይ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት፣ ቀድሞ የአከርካሪ ስብራት በነበረባቸው ሴቶች ላይ የዳሌ ስብራትን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በነርስነት ዘመኔ ዳሌያቸው የተሰበረ ብዙ እናቶችን በአልጋ ላይ አገላብጫለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ደጋፊ መራመድ ያቃታቸው ጥቂት አልነበሩም።

ስለዚህ ኪኒንዎን አያቋርጡ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጡት። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት አይተኙ፤ ቡናም፣ ወተትም፣ አብሽም አይቅመሱ፤ ምግብና መጠጥ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉና። ኪኒኑን ሲውጡ ደረትዎን የሚያቃጥልዎ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

አብሹን ከወደዱት እንደ ምግብ ይጠጡት። የስኳር መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ አብሽ ስኳር ያወርዳል፣ የዋርፋሪንንም ኃይል ሊጨምር ይችላል። የጤፍ እንጀራዎ፣ ወተቱ፣ የጠዋት ፀሐይና በእግር መሄድም ለአጥንትዎ ይጠቅማሉ፤ አይተዋቸው።