ያልታወጀ ስህተት ዕዳው የማን ነው?

የጃቫ ቋንቋ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲወጣ በፕሮግራም ጸሐፊዎች ላይ አንድ ግዴታ ጣለ። አንድ የፕሮግራም ክፍል ሊገጥሙት ከሚችሉት ስህተቶች የተወሰኑትን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ የሚጠቀምበትም ወይ መፍትሔ ማበጀት ወይ ወደ በላዩ ማስተላለፍ አለበት። ይህ «ቼክድ ኤክሴፕሽን» ይባላል። ኋላ የመጡት ሲ ሻርፕና ኮትሊን ግዴታውን ትተውታል፤ በእነርሱ ስህተት ሳይታወጅ ይነሣል፣ የሚይዘው ካጣም ፕሮግራሙን ያቆማል።

ክርክሩ የባለሙያዎች ብቻ ቢመስልም የተቋማትም ነው፦ የውድቀትን ዋጋ ማን እንደሚከፍል መወሰን ያለበት ከአደጋው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መቀመጫውን ዳላስ ያደረገው ሳውዝዌስት አየር መንገድ በዲሴምበር 2022 ከበረዶ ማዕበል በኋላ የሠራተኛ ምደባው ተናግቶ ወደ 17 ሺህ በረራዎች ሰረዘ። የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በቀጣዩ ዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ከዚህ ውስጥ 90 ሚሊዮኑ ወደፊት በአየር መንገዱ ምክንያት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚዘገዩ መንገደኞች የጉዞ ቫውቸር እንዲውል ተወሰነ። መዘግየት በዚህ መልኩ የታወጀ ስህተት ሆነ፤ ልኩም ካሣውም ታወቀ።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን እናነጻጽር። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም ባለው የሥርዓት ችግር ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሌላቸው ሒሳብ ገንዘብ አወጡ። የማይገባን ገንዘብ መውሰድ ማስተባበያ የለውም። ነገር ግን በዚያ ቀን አገልግሎቱ ለሰዓታት ሲቋረጥ በገዛ ገንዘባቸው መጠቀም ያልቻሉ ንጹሓንም ነበሩ። ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በቅርንጫፎቹ ለጠፈ፤ የደንበኛው ግዴታ በግድግዳ ላይ ሲነበብ የባንኩ ግዴታ ግን እንዲህ ጎልቶ አልተነበበም።

ተቃውሞውን ማቃለል አይገባም። የሲ ሻርፕ ዋና ነዳፊ አንደርስ ሄልስበርግ እንደተከራከረው፣ የማሳወቅ ግዴታ ሲበዛ ጸሐፊዎች ስህተቱን በባዶ መያዣ ይውጡታል። መመሪያም ሲበዛ እንዲሁ ለፋይል ብቻ ይሞላል።

ስለዚህ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ጥቂት ስህተቶችን ብቻ ያስታውጅ፦ የአገልግሎት መቋረጥን፣ የቀሪ ሒሳብ መዛባትንና የሐዋላ መዘግየትን። ለእያንዳንዳቸውም ተጠያቂ ክፍል፣ የጊዜ ገደብና የካሣ ልክ ይቀመጥ። ከዚህ ገንዘብ የምንልክ ሁሉ ልንጠይቀው የሚገባ የምንዛሪ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘቡ በመንገድ ቢቀር ማን በስንት ሰዓት እንደሚመልስልን ጭምር ነው።